ነርስ አጥሮናል በሚባልበት ዋርድ ነርስ አስታማሚ ሆና

14 ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት እናት ሳንባ ምች ይዟቸው ነው የገቡት፣ ስኳርም አለባቸው። የምታስታምማቸው ልጃቸው ገና በመጀመሪያው ማታ ነው አይኔ ውስጥ የገባችው፣ ምክንያቱም ሌላው አስታማሚ ግሉኮስ ሊያልቅ ሲል ሲስተር ሲስተር እያለ ኮሪደሩን ሲያዳርስ እሷ መስመሩን ዘግታ ቀስ ብላ መጥታ ነው የምትነግረኝ። እናቷን ስታገላብጥ ጉልበታቸው መሀል ጨርቅ ጠቅልላ ታደርጋለች፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከስር ከፍ ታደርገዋለች። ይሄን ያልተማረ ሰው አያደርገውም። በሶስተኛው ሌሊት ጠየኳት። በነርሲንግ ዲግሪ አላት፣ የመውጫ ፈተናውንም የብቃት ምዘናውንም አልፋለች፣ ላይሰንሷን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው። ከተመረቀች ሁለት አመት ሆኗታል፣ ስራ የላትም።

በዛች ሌሊት 30 አልጋ ላለው ዋርድ ተረኛ የነበርነው ነርሶች ሁለት ነን።

ይሄን ነገር ለቤተሰብም ለጓደኛም ላስረዳ ስሞክር ሁሌ ያጥርብኛል፣ ስለዚህ ዛሬ ረዘም አርጌ ልፃፈው። ነርስ አጠረን የሚል ሀገር እንዴት ነው ስራ ያጣ ነርስ የሚኖረው? ብዙ ሰው ወይ ሆስፒታሉ ሰነፍ ነው ይላል ወይ ተመራቂው ገጠር መሄድ አይፈልግም ይላል፣ ሁለቱም አደለም፣ ወይም ቢያንስ ዋናው እሱ አደለም።

መጀመሪያ ግን ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምታደርግ በሂሳብ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም መርፌ ወግታ ተቀምጣ ስልክ ትነካካለች የሚል ሰው አሁንም ብዙ ነው። እኛ ጋ ናይት ከምሽቱ 12 ሰአት እስከ ጠዋቱ 2 ሰአት ነው፣ 14 ሰአት ማለት ነው፣ 840 ደቂቃ። 15 በሽተኛ ሲካፈለው ለአንድ ሰው ሙሉ ሌሊት 56 ደቂቃ ይደርሰዋል። ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ሙቀት ግፊት የልብ ምት ትንፋሽና ኦክስጅን፣ በየ4 ሰአቱ ሲለካ በአንድ ሌሊት 4 ጊዜ ነው፣ አንዱ 5 ደቂቃ ቢወስድ 20 ደቂቃ ሄደ። መድሀኒት ሁለት ዙር አለ፣ ዱቄቱን በጥብጦ በካኑላው (ደም ስር ውስጥ በገባችው ቀጭን ቱቦ) ቀስ አርጎ መስጠት እንጂ እንደ ሻይ ማደል አደለም፣ ለሁለቱ ዙር 16 ደቂቃ በሉት። የሰራሽውን ቻርት ላይ መፃፍ 10 ደቂቃ። 46 ሆነ። የቀረው 10 ደቂቃ በሰው ነው፣ በ15 ሲባዛ 150 ደቂቃ።

አሁን ከ15ቱ አራቱ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ናቸው እንበል፣ ስትሮክ ያለበት፣ ራሱን የሳተ ምናምን። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየ2 ሰአቱ መገላበጥ አለባቸው፣ በአንድ ሌሊት 7 ጊዜ። አራት ሰው ሰባት ጊዜ 28፣ አንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 140 ደቂቃ። ያውም ይሄ ሁለት ሰው የሚፈልግ ስራ ነው፣ አስታማሚው ያግዛል ብለን ነው። ከ14 ሰአቱ የተረፈው እንግዲህ 10 ደቂቃ ነው፣ ለአንድ በሽተኛ አደለም ለሁሉም።

በዚህ 10 ደቂቃ ውስጥ ነው እንግዲህ ከድንገተኛ አዲስ በሽተኛ የሚመጣው፣ ካኑላ የሚዘጋው፣ ደም የሚሰጠው (ደም ሲጀመር የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ ማለት የለብሽም፣ ሰውነቱ ካልተቀበለው ቶሎ የሚታየው ያኔ ነው)፣ የአንዱ ልብ ቆሞ ሁለታችንም እየተቀያየርን ደረት የምንጫነው፣ የሞተ ካለ ገንዘን ቤተሰቡን የምናፅናናው። ራታችንን የምንበላውም በዚሁ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የሆነ ነገር ይቀራል። ሁሌም ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ መድሀኒቱ አደለም፣ መድሀኒት ሰአቱና ፊርማው አለ፣ ቢቀር ጠዋት ራውንድ ላይ ይታያል። የሚቀረው የማይታየው ነው። ማገላበጡ ይቀራል፣ አፍ ማፅዳቱ ይቀራል፣ ስኳር ላለበት ሰው ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚወጋ ቁጭ ብሎ ማሳየቱ ይቀራል፣ እና ከሁሉም በላይ ትንፋሽ መቁጠሩ ይቀራል። ትንፋሽ በትክክል የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱን እያየሽ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው አርፎ ተኝቶ ከ12 እስከ 20 ነው የሚተነፍሰው። ሰው ሊወድቅ ሲል ብዙ ጊዜ ግፊቱ ከመውረዱ ከሰአታት በፊት ትንፋሹ ነው የሚፈጥነው፣ ለዛ ነው ትንሽ የሚመስለው ቁጥር ትልቅ የሆነው። እኔ ራሴ ሳልቆጥር በአይኔ ገምቼ 20 ብዬ የፃፍኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ይሄን መፃፍ ያሳፍራል ግን ካልተፃፈ ችግሩ አይገባም።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ላይ ሊንዳ ኤይክን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት አለ፣ በቀዶ ህክምና በሽተኞች ላይ የተሰራ፣ ለአንድ ነርስ አንድ ተጨማሪ በሽተኛ በተሰጠ ቁጥር በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት እድሉ በ7 በመቶ ከፍ ይላል የሚል። በ2014 ደግሞ በዘጠኝ የአውሮፓ ሀገሮች ተደግሞ ያው 7 በመቶ ነው የወጣው፣ እዛ ላይ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ቁጥር ሲጨምር ሞት እንደሚቀንስም ታየ። ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ ህግ አርጋዋለች፣ አይሲዩ (ፅኑ ህሙማን ክፍል) ውስጥ አንድ ነርስ ከሁለት በሽተኛ በላይ አይሰጣትም፣ ተራ ዋርድ ላይ ደግሞ ከ2005 ወዲህ ከአምስት በላይ አይሰጣትም። እኔ 15 ይዤ ነበር። በጥናቱ መሰረት ከአምስት ወደ ስድስት ከፍ ማለቱ ራሱ የመሞት እድልን ይጨምራል።

የኛን ዋርድ ተሸክሞ ያቆመው እንግዲህ አስታማሚ ነው። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሽንት የሚደፋው፣ ከላብራቶሪ ውጤት የሚያመጣው፣ ውጪ ፋርማሲ ሮጦ መድሀኒት የሚገዛው እሱ ነው፣ ሌሊት ካርቶን አንጥፎ አልጋ ስር ይተኛል። በብዙ ሀገር ይሄ ግማሹ የነርስ ስራ ነው። ሰው ቤተሰቡን ማስታመሙ ባህላችን ነው ጥሩም ነው፣ ግን ፍቅር ስላለው ብቻ እናቱ አተነፋፈሷ መቀየሩን አያውቅም፣ ተኛችልኝ ብሎ ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። እጥረት የምትለዋ ቃል ሁለት ነገር ናት፣ ችግሩም እዛ ላይ ነው። አንደኛው እጥረት ለህዝቡ ስንት ነርስ ያስፈልጋል ከሚል ስሌት የሚመጣ ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2023 በአለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጎድል የቆጠረው በዚህ መንገድ ነው፣ ጉድለቱ ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ አፍሪካን የመሰሉ ቦታዎች ላይ ነው። ሁለተኛው እጥረት የመደብ ነው። መደብ ማለት በመንግስት መዋቅር ውስጥ የተፈቀደ፣ ደሞዝ የተያዘለት ወንበር ማለት ነው። ነርስ ገበያ ላይ ሞልታ መደብ ከሌለ አትቀጠርም፣ ዋርዱም ባዶ ሆኖ ይቀጥላል። የኛ ዋርድ ጉድለት የመጀመሪያው ነው፣ የዛች ልጅ ስራ ማጣት ሁለተኛው ነው፣ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ እርስ በርስ የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አይቃረኑም።

መደቡ እንዴት እንደሚከፈት ካየን ይበልጥ ግልፅ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ላይ የምትሰራ ነርስ ደሞዟ የሚመጣው ከወረዳው በጀት ነው፣ ወረዳው ያችኑ ገንዘብ ለአስተማሪም ለግብርና ባለሙያም ለፅህፈት ሰራተኛም ነው የሚያካፍላት፣ አብዛኛው ደሞዝ ላይ ያልቃል። ክልል ሆስፒታል ከሆነ የክልሉ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው በኩል ከፌደራል ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ 10 ነርስ ያስፈልገኛል ብሎ ቢፅፍ ወረቀቱ በመዋቅር በኩልም በፋይናንስ በኩልም ማለፍ አለበት፣ ከሁለቱ አንዱ ጋ ከቆመ ቆመ ነው። ህንፃ ማሰራት ከመደብ ይቀላል፣ ህንፃ አንዴ ነው የሚከፈልበት፣ ይመረቃል ሪባን ይቆረጣል፣ ነርስ ግን በየወሩ ደሞዝ ናት እስከ ጡረታዋ። ለዛ ነው አዲስ ብሎክ ተከፍቶ የድሮዎቹ ነርሶች ለሁለት ተከፍለው ሲሰሩ የምታዩት፣ አልጋው ይጨምራል ሰው ግን ያው ነው።

በሌላ በኩል ማሰልጠኑ ቆሞ አያውቅም። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፣ የግል ኮሌጅ አለ፣ ቤተሰብ ከብት ሸጦም ቢሆን ያስተምራል ምክንያቱም ነርስ ስራ አታጣም ይባል ስለነበር። ስንት ተማሪ ይግባ የሚለውን የሚወስነው አንድ ቤት ነው፣ ስንት መደብ ይከፈት የሚለው ሌላ ቤት ነው፣ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቁጥራቸውን ሲያስተያዩ እኔ አላየሁም። ውጤቱ 0 አመት (ልምድ የማይጠይቅ) የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ለጥቂት ቦታ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዛት ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አደለም። ኬንያም ጋናም ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ነርሶች አሉ። ጋና በ2020 ወደ 95 የሚሆኑ ነርሶቿን በስምምነት ባርቤዶስ ልካለች፣ ኬንያ በ2021 ነርስ ለመላክ ከእንግሊዝ ጋር ተፈራርማለች። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር፣ እሱ ቃል ቢጠበቅ ኖሮ መደቡ ከየት እንደሚመጣ ባልተጨነቅን።

ደሞዙን በተመለከተ ረጅም አልፅፍም ሁሉም ያውቀዋል። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ጭማሪ ተደርጓል ግን ቤት ኪራዩና ጤፉ ቀድሞ ሄዷል። የሚያቃጥለው የዱቲ (የትርፍ ሰአት ተረኝነት) ክፍያው ነው፣ ሰርተሽ አድረሽ ክፍያው ለወራት ሲቆይ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው ጥያቄ አደባባይ የወጣው፣ በከፊል ስራ እስከማቆም የደረሰው በዚህ ነው፣ የታሰሩ ባለሙያዎችም ነበሩ። ያኔ ብዙ ሰው በሽተኛ ጥሎ እንዴት ይወጣል ብሎ ተቆጣ፣ ቁጣው ይገባኛል፣ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ነርስ ያለ ደሞዝም በሽተኛ እንደማትጥል ማየት የሚፈልግ በትግራይ ጦርነት ጊዜ መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል የሰሩትን ያስታውስ፣ ከአመት በላይ ደሞዝ ሳያገኙ ጓንት እያጠቡ ነው የሰሩት።

ስለ ጓንት ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ የኛ የራሳችን ደህንነት። ከሌሊቱ 9 ሰአት ላይ ደክሞኝ መርፌ ጣል የምናደርግበት ሴፍቲ ቦክስ ሞልቶ ተርፎ ነበር፣ ልጨምር ስል ከውስጥ የወጣ መርፌ ወጋኝ። የማን እንደሆነ አይታወቅም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድሀኒቱ በ72 ሰአት ውስጥ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ነው የሚሻለው፣ እኛ ጋ ግን ቁልፉ ያለው ሰው ሌሊት አይገባም ነበርና እስኪነጋ ጠበኩ። 28 ቀን እያቅለሸለሸኝ ወሰድኩት፣ ደህና ነኝ ተመስገን። ሰው ኤች አይ ቪን ነው የሚፈራው፣ በመርፌ የመያዝ እድሉ ግን ከ1000 ሶስት ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ላልወሰደ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው፣ ልዩነቱን እዩት። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ ሶስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፣ አንድ ነርስ ስትቀጠር ባጅ ሳይሰጣት እሱ ሊሰጣት ይገባል፣ ነርስነት የጀመረ ዘመድ ያላችሁ ወስደሻል ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ስም። በሽተኛ ሴቷን ነርስ ሲስተር ይላል፣ ወንዱን ነርስ ዶክተር ይለዋል። ሲስተር በእንግሊዝ ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ነርስ የምትጠራበት ማእረግ ነው፣ ጥሩ ስም ነው እኔ አልጠላውም፣ ግን ወንዱ ነርስ ሲመሰገን ምስጋናው ለዶክተር ይሄዳል፣ ዶክተሩ ሲዘገይ ደግሞ ስድቡን የምንቀበለው እኛ ነን ምክንያቱም ቅርብ ያለነው እኛ ነን። ድሮ እንዲህ አልተጀመረም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ጊዜ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የህፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተምራለች፣ የንጉስ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በወጣትነቷ በወሊድ ምክንያት ሞተች፣ በስሟ የተሰራው ሆስፒታል ነው ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው። የንጉስ ልጅ የመረጠችውን ሙያ ዛሬ ልጅሽ ምን ሆነች ሲባል ነርስ ናት ብቻ ብሎ የሚመልስ እናት ሲያጋጥመኝ "ብቻ" የምትለዋ ቃል ታመኛለች።

ታዲያ የሚችል ይሄዳል። ሳውዲና ኤምሬትስ ለመሄድ ፕሮሜትሪክ ፈተና አለ፣ ዶክመንት ዳታፍሎው ይጣራል። አሜሪካ ከሆነ ፈተናው ኤንክሌክስ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ እዚህ የዋርድ ኃላፊ የነበሩ ሰዎች ዶክመንታቸው እስኪያልቅ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆነው አዛውንት እያጠቡ የሚጀምሩ አሉ፣ ከዛ በትምህርት እየተነሱ አርኤን (ሙሉ ላይሰንስ ያላት ነርስ) ይሆናሉ፣ ይሄ ጥንካሬ ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያቸው በጣም አንሷል ያላቸውን 55 ሀገሮች ዝርዝር አውጥቷል ኢትዮጵያም አለችበት፣ ትርጉሙ ሀብታም ሀገሮች እዚህ መጥተው በዘመቻ ባይመለምሉ ነው፣ በራሷ ፈተና ወስዳ የምትሄደውን ግን አይከለክልም፣ መከልከልም የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚሄደው ማን እንደሆነ ነው። 0 አመቷ አትሄድም፣ ልምድ ስለሚጠየቅ። የምትሄደው ሰባት ስምንት አመት የሰራችው ናት፣ ጀማሪዋን ቆማ የምታሳያት። እሷ ስትሄድ መደቧ ወዲያው ካልተተካ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚጎድለው።

የዛች ልጅ ነገር እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ እኔ 3 ቁጥር አልጋ ጋ ካኑላ እየፈለኩ ከኋላዬ መጥታ "ሲስተር፣ እማዬ ትንፋሿ 34 ገብቷል፣ ሙሉ ደቂቃ ቆጥሬ ነው" አለችኝ። ቻርቱ ላይ ከአራት ሰአት በፊት የፃፍኩት 22 ይላል። ሄድን፣ ኦክስጅናቸው ወደ 82 በመቶ ወርዷል፣ ኦክስጅን አደረግን፣ ተረኛው ሀኪም ተጠራ፣ መድሀኒቱ ተቀየረ። በ11ኛው ቀን በእግራቸው ወጡ።

ከዛ በኋላ ደወለችልኝ። ፕሮሜትሪክ እያነበበች ነው፣ ግን የስራ ልምድ ይጠየቃል፣ እናንተ ዋርድ በነፃ ልስራና የልምድ ደብዳቤ ይፃፍልኝ ይሆን አለችኝ። ሜትረናችንን (የነርሶች ኃላፊያችንን) ጠየኩላት፣ እሷም ላይ ጠየቀች፣ ተፈቀደ። ሰኞ ማታ ሶስት ሆነን ገባን፣ ለአንዳችን አስር አስር በሽተኛ ደረሰን፣ የአልጋ ቁስል ያለባቸውን በየሁለት ሰአቱ አገላበጥን፣ ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርን። ከሶስታችን ደሞዝ የሌላት እሷ ብቻ ናት።